አራት ዋርድ፣ አንድ ቴሲስ፦ «የሕክምና ውጤት» የሚለውን እንዴት እንተርጉመው?

ቀጠሮ_ማክሰኞ፦
ጤና ይስጥልኝ። ፕሮፖዛሉ ወደ መምሪያው ከመግባቱ በፊት ዓይናችሁን ጣል እንድታደርጉበት ነው።

ጥናቱ በአንድ ሪፈራል ሆስፒታል በውስጥ ደዌ፣ በቀዶ ሕክምና፣ በሕፃናት እና በማህፀንና ጽንስ ዋርዶች ተኝተው የታከሙ ሰዎችን የሕክምና ውጤትና ተያያዥ ምክንያቶች ከካርድ ላይ ወደኋላ ተመልሶ የሚያይ ነው። ጊዜው ከመስከረም 1 እስከ ጳጉሜን 5 ቀን 2016 ዓ.ም.። በዓመቱ የተኙት 3,600 ናቸው፦ ውስጥ ደዌ 1,100፣ ቀዶ 900፣ ሕፃናት 700፣ ማህፀንና ጽንስ 900።

ሳምፕሉ፦ 1.96 × 1.96 × 0.5 × 0.5 ÷ (0.05 × 0.05) = 384.16፣ ማለትም 385። ጠቅላላው ከ10,000 በታች ስለሆነ ሲታረም 385 ÷ (1 + 384/3,600) = 348። ላልተሟሉ ካርዶች 10 በመቶ ሲታሰብ 348 ÷ 0.9 = 387። በድርሻ ሲከፋፈል 118፣ 97፣ 75 እና 97።

ውጤቱ ሁለት ነው። «ጥሩ» ያልነው ድኖ ወይም ተሽሎት የወጣ፤ «መጥፎ» ያልነው የሞተ፣ ሳይሻለው የወጣ፣ በራሱ ፈቃድ የወጣ፣ ወደ ሌላ የተላከ። ቫሪያብሎቹ 14 ናቸው። ለየብቻ ሲታዩ ፒ ቫልዩአቸው (ግንኙነቱ በአጋጣሚ ብቻ የመታየት ዕድሉ) ከ0.25 በታች የሆነውን ወደ ሎጂስቲክ ሪግረሽን (ምክንያቶቹን በአንድ ላይ ወደሚመዝነው ሞዴል) ማስገባት ነው ሐሳቡ።

ሦስት ጥያቄ፦ 387 ይበቃል? ካርዱ ካልተገኘ ቀጥሎ ያለውን መተካት ይቻላል? በመጨረሻስ የትኛው ዋርድ የተሻለ ውጤት አለው ብሎ መደምደም ይቻላል?

ካይ_ስኩዌር፦
ዶክ፣ ሦስቱም መልሳቸው «አይ» ነው፤ ግን እያንዳንዱ «አይ» ምክንያቱ ሌላ ነው።

ስሌቱ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ስሌቱ የተሠራለት ጥያቄ ነው። 385 የሚመልሰው «በጠቅላላው ከመቶ ስንቱ?» የሚለውን ነው፤ እሱንም 5 ነጥብ ወደ ላይ 5 ነጥብ ወደ ታች በሆነ ልቅነት። አንተ ደግሞ ምክንያት ፍለጋ 14 ቫሪያብል ልታስገባ ነው። እዚያ ሲደረስ የሚቆጠረው ካርድ ሳይሆን ሞት ነው።

በውስጥ ደዌ ከመቶ 15፣ በቀዶ 4፣ በሕፃናት 6 ይሞታል ብለን እንነሳ፤ ለስሌት ያህል ነው። ከ118 ካርድ ወደ 18 ሞት፣ ከ97 ወደ 4፣ ከ75 ወደ 5 ታገኛለህ። ከማህፀንና ጽንስ 97 ካርዶች አንድም ላይገኝ ይችላል። ድምሩ 27። የተለመደው መነሻ ለአንድ ቫሪያብል 10 ክስተት ነው፤ 27 ሞት ሁለት፣ አለዚያም ሲለጠጥ ሦስት ይሸከማል። «ዋርድ» ራሱ አራት ደረጃ ስላለው ሦስት ቦታ ይበላል። ማለት ዕድሜን እንኳ ሳታስገባ ሂሳብህ አለቀ። በዚያ ላይ ከአንዱ ዋርድ ሞት ካልተገኘ ሞዴሉ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ (የግምቱ ዳር እስከ ዳር) ከ0.00 እስከ ብዙ ሺህ የሆነ ኦድስ ሬሾ (የሟች ለተራፊ ጥምርታ በሁለት ወገን ሲነጻጸር) ይተፋል። ያ ቁጥር በሰንጠረዥ ላይ ሲወጣ ያየ ገምጋሚ ሌላውን አያነብም።

ከ97 ሰው ዜሮ ሞት መገኘቱም «አይሞትም» ማለት አይደለም። 3 ለ97 ሲካፈል 3.1 በመቶ ነው፤ እውነተኛው መጠን እስከዚያ ድረስ ሊሆን ይችላል።

ሁለት መውጫ አለ። አንደኛው አንድ ዋርድና አንድ በሽታ መርጦ በጥልቀት መሥራት ነው። አራቱንም ካልተውክ ደግሞ የ3,600ውን ሰው ሞትና መውጫ ከዋርድ መዝገብ ቁጠር። ከዚያ የሞቱትን በሙሉ ውሰድና ለእያንዳንዱ ከዚያው ዋርድ በሕይወት የወጡ ሁለት ሰዎች በዕጣ አውጣ። ከላይ በወሰድነው ግምት ሟች 165 + 36 + 42 = 243 ነው፤ ከሁለት እጥፍ ንጽጽር ጋር 729 ካርድ። የሞት መጠኑን መዝገቡ ይሰጥሃል፣ ምክንያቱን ካርዱ።

የፒ 0.25 ወንፊት ይቅር። ለብቻው ሲታይ ደካማ የሚመስል ነገር፣ ሌላው ሲገባ ዋና አዛቢ፣ ማለትም ንጽጽሩን የሚያዛባ ሌላ ምክንያት፣ ሆኖ ብቅ ይላል። ቫሪያብል የሚመረጠው ካርድ ከመከፈቱ በፊት፣ ወረቀት ላይ ቀስት እየሳሉ «ይህ ያንን ያመጣል?» ተብሎ ነው።

ሦስተኛ_ፎቅ፦
በሳምፕሉ ላይ የተባለው ይበቃል። ዋናው ጉድ ያለው «ተሽሎት ወጣ» የምትለዋ ሁለት ቃል ውስጥ ነው።

ዲስቻርጅ ሰመሪ (የመውጫ ማጠቃለያ) ላይ ይህ ቃል በየዋርዱ የየራሱ ትርጉም አለው። በስትሮክ የገባ ሰው ትኩሳቱ ወርዶ፣ በአፍንጫ ቱቦ እየተመገበ፣ ቀኝ እጁና እግሩ ሳይንቀሳቀስ በቃሬዛ ሲወጣ ሰመሪው «ተሽሎታል» ይላል። የትርፍ አንጀት ኦፕራሲዮን የተደረገለት ወጣት በሦስተኛው ቀን በእግሩ ሲወጣም ያው «ተሽሎታል» ነው። ሁለቱን «ጥሩ» ብለህ በአንድ ኮድ ካስገባህ ሞዴልህ የሚተነብየው የሐኪሙን የአጻጻፍ ልማድ ነው።

ለስትሮክ የታወቀው መለኪያ የተሻሻለው የራንኪን ስኬል ነው፦ ከ0፣ ምልክት የሌለው፣ እስከ 6፣ የሞተ። ብዙ ጊዜ 0 እስከ 2 ጥሩ ተብሎ ይወሰዳል፤ የሚለካውም በ90ኛው ቀን ነው። ካርድ ላይ 90ኛው ቀን የለም፤ ስለዚህ «በመውጫው ዕለት» ብለህ ግልጽ አድርገህ ጻፈው። «ይራመዳል»፣ «በድጋፍ ይራመዳል»፣ «አልጋ ላይ ነው» የሚለውን ከፊዚዮቴራፒና ከነርስ ማስታወሻ ማውጣት ይቻላል። ከሐኪም ማስታወሻ ይልቅ እዚያ ይሻላል።

«በራሱ ፈቃድ የወጣ» የሚለውን ደግሞ ከሞተው ጋር አትደባልቀው። እዚህ ውስጥ ሦስት ዓይነት ሰው አለ፦ ገንዘብ ያለቀበት፣ ደህና ነኝ ብሎ የሄደ፣ ቤተሰቡ «አይተርፍም፣ አገሩ ይረፍ» ብሎ የወሰደው። ሦስተኛው በተግባር ሟች ነው፤ ካርዱ ላይ ግን በሕይወት ወጥቷል። በሚወጣበት ዕለት ግላስጎው ኮማ ስኬሉ (የንቃተ ሕሊናው ነጥብ)፣ ኦክስጅን ላይ መሆኑና የደም ግፊቱ ከተመዘገበ የትኛው እንደሆነ መለየት ይቻላል። ስለዚህ ቅጹ ላይ «በመውጫው ዕለት የመጨረሻ ቫይታል ሳይን» የሚል ሳጥን ይኑር።

ካይ_ስኩዌር፦
እዚያ ላይ አንዲት ስሌት ትጨመር። ከ118 የውስጥ ደዌ ታማሚ 18 ሞተው 9 በራሳቸው ፈቃድ ቢወጡ፣ ዘጠኙም ተርፈዋል ካልክ ሞቱ 15.3 በመቶ ነው፤ ዘጠኙም ሞተዋል ካልክ 22.9 በመቶ። ሁለቱንም አቅርብ፤ እውነቱ በመካከል ነው። አንዱን ብቻ መርጦ ዝም ማለት ነው የማይገባው።

ክላምፕ፦
የቀዶ ሕክምናው ወገን።

አንደኛ፣ ቀዶ ዋርድ የተኛ ሁሉ አልተቀደደም። በጭንቅላት ጉዳት ለክትትል የተኛ፣ ቃጠሎ፣ ቢላ ሳይነካው የተፈታ የአንጀት መታጠፍ ይኖራል። የቀዶ ሞት መጠን አካፋዩ ማደንዘዣ የተሰጣቸው ኦፕራሲዮኖች ናቸው፤ አካፋዩን የኦፕራሲዮን ክፍል መዝገብ እንጂ የዋርዱ መዝገብ አይነግርህም። ከሆስፒታል ሳይወጣ በማንኛውም ምክንያት የሞተ ይቆጠራል። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ከወጣ በሰው ነው በኦፕራሲዮን የምትቆጥረው? አስቀድመህ ወስን።

ሁለተኛ፣ ድንገተኛና ቀጠሮ ያለውን አትቀላቅል። የተበሳ አንጀትና የእንቅርት ኦፕራሲዮን በአንድ ሰንጠረዥ ረድፍ አይገቡም። ቢያንስ የሚያስፈልጉህ፦ ድንገተኛ ወይስ በቀጠሮ፣ የኤ.ኤስ.ኤ. ደረጃ (ከማደንዘዣ በፊት የታማሚው አጠቃላይ የጤንነት ደረጃ)፣ የቁስሉ ንጽሕና ደረጃ ከንጹሕ እስከ ቆሻሻ በአራት፣ ሕመሙ ከጀመረ እስከ ቢላ ያለው ሰዓት፣ ከገባ እስከ ቢላ ያለው ሰዓት። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ለየብቻ ይሁኑ። አንዱ የመንገዱና የጤና ጣቢያው ጉዳይ ነው፤ ሌላው የሆስፒታሉ።

ሦስተኛ፣ የቁስል ኢንፌክሽን ትርጉሙ እስከ 30 ቀን ነው፤ ብረት ወይም መረብ የመሰለ ባዕድ ነገር ከገባ ለተወሰኑ ኦፕራሲዮኖች 90 ቀን። ታማሚህ በአራተኛው ቀን ወጥቷል። ቁስሉ በዘጠነኛው ቀን መግል ቢይዝ አንቲባዮቲኩን የሚወስደው ከሰፈሩ ጤና ጣቢያ ነው። ካርድህ ላይ «ኢንፌክሽን የለም» ይላል፤ እውነቱ «አልታየም» ነው። ስለዚህ ወይ «ከመውጣቱ በፊት የታየ» ብለህ ገድበው፣ ወይ የመመላለሻ ክሊኒኩን ማስታወሻ አብረህ አውጣ።

ለሌላው ውስብስብ ችግር የክላቪየን-ዲንዶን አምስት ደረጃ ተጠቀም። ደግ ነገሩ የሚመዘነው ሐኪሙ ችግሩን በምን ስም ጠራው ተብሎ አይደለም፤ ምን ተደረገለት ተብሎ ነው። እንደገና ማደንዘዣ ተሰጥቶት ከተከፈተ ደረጃ «3ለ» (3b) ነው፤ አይ.ሲ.ዩ. (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ካስገባው የአካል መድከም 4፤ ሞት 5። ሰመሪ ላይ ምንም ባይጻፍ የኦፕራሲዮን ማስታወሻ ሁለት ሆኖ መገኘቱ ብቻ ይነግርሃል።

የመደርደሪያ_ቁጥር፦
ካርድ ስለመተካት የጠየቁት፣ ዶክተር፣ አይተኩ። ካርድ እንደ ዘበት አይጠፋም፤ የሚጠፋበት ምክንያት አለው። የሟች ካርድ ለሞት ግምገማ ይወጣል፤ የፖሊስ ጉዳይ ያለበት ለማስረጃ ይወጣል፤ ሕመሙ የተወሳሰበ ሰው ካርድ ለማስተማሪያ ሬዚደንት እጅ ይሰነብታል። አንዳንድ ቦታ የሟቾች ካርድ በሌላ መደርደሪያ ነው፤ በቁጥሩ ቦታ ቢፈልጉት አይገኝም። ስለዚህ ያልተገኘው ካርድ ከተገኘው ይልቅ የሞተ ሰው የመሆን ዕድሉ ይሰፋል።

በቁጥር ይዩት። ከ387ቱ በዋርድ መዝገብ 27 ሞተዋል እንበል፤ 7.0 በመቶ። 52 ካርድ ጠፋ፤ ከነዚያ 11ዱ የሟች ናቸው። በተገኙት 335 ካርዶች ሞቱ 16 ብቻ ነው፤ 4.8 በመቶ። በ52ቱ ፋንታ «ቀጣዩን» ካስገቡ ሳምፕሉ ሞልቶ ያምራል፣ መጠኑ ግን እንደተዛባ ይቀራል፤ መዛባቱም አይታይም። የሚሻለው የጠፉትን ዝርዝር መያዝና ከዋርድ መዝገብ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ዋርድና መውጫ ሁኔታቸውን ከተገኙት ጋር በአንድ ሰንጠረዥ ማስተያየት ነው።

ሌላው፣ ናሙና ከመደርደሪያ አይወጣም። ከመግቢያ መዝገብ ቁጥሩን ያውጡና ካርዱን ያስፈልጉ። መደርደሪያ ላይ ወፍራሙ ካርድ ይታያል፤ ቀጭኑ ተደብቆ ይቀራል።

አንድ ሰው ሁለት ካርድ ሊኖረው ይችላል። መታወቂያውን የጣለ እንደ አዲስ ይመዘገባል። በስም ለማዛመድ ሲሞክሩ ደግሞ ፊደሉ ይጥልዎታል፦ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»፣ «ኃይሉ» እና «ሀይሉ»፣ «ዓለም» እና «አለም» ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ከማዛመድ በፊት ሐን፣ ኀንና ኃን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐንና ዓን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነእርባታቸው ይቀይሩ። ከዚያ በስም፣ በአባት ስም፣ በጾታና በዕድሜ ያዛምዱ፤ ዕድሜ ላይ ሁለት ዓመት ግራ ቀኝ ይፍቀዱ፤ ብዙ ሰው ዕድሜውን በግምት ነው የሚናገር። ይህ ሥራ ካርድ ክፍሉ ውስጥ ያልቅና ስሙ ይሰረዝ፤ ወደ ቤት በሚሄደው ፋይል ላይ ስም አይኑር።

ቀኑ ደግሞ ዋናው ወጥመድ ነው። ካርዱ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ላቦራቶሪው የሚያትመው ወረቀት አንዳንዴ በፈረንጅ። ቀኑን በእኛው አቆጣጠር ቀን፣ ወር፣ ዓመት ብለው በሦስት ሳጥን ይመዝግቡና ሲያበቁ በአንድ ጊዜ ይቀየር። መስከረም 1 ቀን 2016 በፈረንጁ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው እንጂ 11 አይደለም፤ ከእሱ በፊት ጳጉሜን 6 ነበረችና። ነሐሴ 28 ገብቶ መስከረም 4 የወጣ ሰው በ2016 ማብቂያ 11 ቀን ተኝቷል፦ ሁለት የነሐሴ፣ አምስት የጳጉሜን፣ አራት የመስከረም። ኤክሴል ላይ 28/12/2016 እና 4/1/2017 ብሎ የጻፈ ሰው 7 ያገኛል። ጥቅምት 30ን (30/2)ና 13ኛ ወርን ሶፍትዌሩ አልቀበልም ሲል ደግሞ መረጃ ሰብሳቢው ቀኑን ወደ 28 ያስጠጋዋል። ማንም አያይበትም።

ሦስተኛ_ፎቅ፦
ሰዓቱንም ጨምሩበት። «ሌሊት 8 ሰዓት» የፈረንጁ 2 ሰዓት ነው። ነርሷ ቀኑ የሚቀየረው ሲነጋ ነው ብላ በዋዜማው ቀን ትጽፋለች፤ ተረኛው ኢንተርን እኩለ ሌሊት አልፏል ብሎ በማግሥቱ። «በገባ በ24 ሰዓት ውስጥ የሞተ» የሚል ቫሪያብል ያለው ሰው ከሁለቱ አንዱን የእውነት ምንጭ አድርጎ መምረጥ አለበት። የሞት ማስታወሻው ይሻላል።

ነጭ_ሻሽ፦
ሕፃናት ዋርድ ሲባል ጨቅላዎቹ ይካተታሉ? የ28 ቀን ልጅና የ9 ዓመት ልጅ በአንድ ሞዴል አይሄዱም። የጨቅላዎች ክፍል የተለየ መዝገብ አለው፤ ለዩት።

በምግብ እጥረት የሚተኙት ላይ ደግሞ ያስቀመጥከው አከፋፈል በቀጥታ ይሳሳታል። ስታቢላይዜሽን ሴንተር ልጁን የሚያስገባው ለማረጋጋት ነው። ኤፍ-75 (የማረጋጊያ ወተት) ጠጥቶ፣ የምግብ ፍላጎቱ ተመልሶ፣ እብጠቱ መቀነስ ሲጀምር ወደ ኦ.ቲ.ፒ. (የተመላላሽ የምግብ ሕክምና) ይላካል። ያ ስኬት ነው። አንተ «ወደ ሌላ የተላከ» ብለህ መጥፎው ውስጥ ከተኸዋል! በዚህ አከፋፈል ሥራውን በደንብ የሠራ ክፍል ከሁሉ የባሰ ሆኖ ይወጣል።

ብዙዎች የስፊርን (የሰብዓዊ ርዳታ ዓለም አቀፍ መመሪያ) መለኪያ፣ ማለትም የዳኑ ከ75 በመቶ በላይ፣ የሞቱ ከ10 በታች፣ ያቋረጡ ከ15 በታች የሚለውን፣ እንዳለ ለተኝቶ ታካሚ ያውሉታል። እሱ የተዘጋጀው ለሕክምና ፕሮግራሙ እንደ ሙሉ ነው። ዋርድ የሚተኛው ተጓዳኝ በሽታ ያለበት ልጅ ብቻ ስለሆነ መነሻው ከባድ ነው።

የክብደት ጭማሪ ከተለካም እንዲህ ነው፦ በግራም የጨመረው፣ ለዝቅተኛው ክብደት በኪሎ ተባዝቶ በቀናት ሲካፈል። ሲገባ አብጦ 6.9 ኪሎ የነበረ፣ በአራተኛው ቀን እብጠቱ ወርዶ 6.2 የሆነ፣ ከዚያ በ14 ቀን 7.0 ደርሶ የወጣ ልጅ 800 ÷ (6.2 × 14) = 9.2 ግራም በኪሎ በቀን ነው። ከመግቢያው ክብደት ያሰላ ሰው 100 ÷ (6.9 × 18) = 0.8 ያገኛል። ያው ልጅ ነው፤ አንዱ ስሌት «በጥሩ ሁኔታ አገገመ» ይላል፣ ሌላው «ሕክምናው አልሠራም»። ስለዚህ ከመልቲቻርቱ (የልጁ ዕለታዊ መከታተያ ቅጽ) ላይ ዝቅተኛውን ክብደትና ቀኑን ማውጣት ግድ ነው። ቶሎ ወደ ኦ.ቲ.ፒ. የሚልክ ክፍል ከሆነ ደግሞ ይህን መለኪያ ጭራሽ ተወው፤ ልጁ መጨመር ሳይጀምር ይወጣልና።

ቀጠሮ_ማክሰኞ፦
ተቀብያለሁ። ታማሚው ቲቢ ካለበትስ?

ሦስተኛ_ፎቅ፦
የቲቢ ውጤት በስድስት ወር የሚታወቅ ስለሆነ ከተኝቶ ታካሚ ካርድ አይገኝም። «ዳነ» የሚባለው በባክቴሪያ የተረጋገጠ የሳንባ ቲቢ ኖሮት በመጨረሻው ወርና ከዚያ በፊት ቢያንስ አንድ ጊዜ አክታው ነጻ ሲሆን ነው። «ጨረሰ» ሌላ ነው፤ ለሁለት ተከታታይ ወር ያቋረጠው ሌላ። የቲቢ ክፍሉ የራሱ መዝገብ አለው። አንተ ጋ ቲቢ ተጓዳኝ በሽታ ብቻ ይሁን።

ምጥ_ክፍል፦
ዶክተር፣ በእኛ በኩል ሞትን ውጤት አድርገው አይድከሙ፤ ከላይ እንደተባለው አይገኝም። ከሞት አፋፍ የተመለሱትን፣ ኒር ሚስ የምንላቸውን ይቁጠሩ። የዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት 5 ዩኒት ደምና ከዚያ በላይ ይላል፤ እንደዚያ ደም የሚገኝበት ቦታ ስንት ነው? ከሰሃራ በታች ላሉ አገሮች በተስተካከለው መስፈርት 2 ዩኒት ሆኗል፤ የማህፀን መተርተርና ኤክላምፕሲያም (ከእርግዝና ደም ግፊት የሚመጣ መንቀጥቀጥ) ገብተዋል። የትኛውን እንደተጠቀሙ ይጻፉ፤ ቁጥሩ በጣም ይለያያል።

አካፋዩ የተኛች እናት ሳትሆን በሕይወት የተወለደ ልጅ ነው፣ ለ1,000። የሞት ኢንዴክስ ደግሞ ሟቾች ለሟችና ለኒር ሚስ ድምር ሲካፈሉ ነው፤ 4 ሞታ 46 ከተረፉ 4 ÷ 50፣ 8 በመቶ። ይህ ቁጥር ነው ስለ ሕክምናው የሚናገር። የእናት ሞት እስከ 42 ቀን ስለሚቆጠር፣ ወልዳ በማግሥቱ የወጣች እናት ቤቷ ያጋጠማትን ካርዱ አያውቅም።

ፋርማሲ_መስኮት፦
«አንቲባዮቲክ አግኝቷል» የሚለውን ከትእዛዝ ወረቀት አታውጡ። ትእዛዙ የሚያሳየው መታዘዙን ነው። መድኃኒቱ ከሆስፒታሉ ጠፍቶ ቤተሰብ ከውጭ እስኪገዛ ሁለት ዶዝ ያልፋል። የተሰጠውን የሚያሳየው ነርሶቹ የሚፈርሙበት የመድኃኒት መስጫ ቅጽ ነው፤ የመጀመሪያው ፊርማ ያለበት ሰዓት ይወሰድ።

ካይ_ስኩዌር፦
እሱ ወደ አንድ ሌላ ጉድጓድ ይወስደናል። «7 ቀን ሙሉ አንቲባዮቲክ የወሰደ ያነሰ ይሞታል» የሚል ውጤት ይወጣል። ይወጣል እንጂ! 7 ቀን ለመውሰድ 7 ቀን መኖር ያስፈልጋል፤ በሁለተኛው ቀን የሞተው ሰው ወዲያው «ያልጨረሰ» ተብሎ ተመድቧል። እንደዚህ ዓይነት ነገር የሚጠና ከሆነ ከሰባተኛው ቀን በሕይወት የደረሱትን ብቻ ይዞ ከዚያ ወዲያ መቁጠር ነው።

አድቫይዘርህ ኮክስ ሪግረሽን (እስከ ሞት ያለውን ጊዜ የሚመዝን ሞዴል) ሥራ ሊልህ ስለሚችል አሁኑኑ ልበል፤ በሕይወት የወጣውን «ሴንሰርድ» (ክትትሉ እዚያ የተቋረጠ) አታድርገው። ሴንሰር ማድረግ ማለት ወጥቶ የሄደው ሰው አልጋ ላይ ከቀረው ጋር እኩል ይሞታል ብሎ መገመት ነው። 100 ሰው ተኛ። በ3ኛው ቀን 10 ሞተ፤ በ7ኛው ቀን 80 በሕይወት ወጣ፤ በ14ኛው ቀን ከቀሩት 10 አምስቱ ሞቱ። የሞተው 15 ሰው ነው። ካፕላን-ማየር (በሕይወት የመቆየት ዕድልን ደረጃ በደረጃ የሚያባዛው ስሌት) ግን 0.9 × 0.5 = 0.45 ይልና ሞቱን 55 በመቶ ያደርገዋል። በሕይወት መውጣት ከሞት ጋር የሚፎካከር ክስተት ነው፤ የፋይንና የግሬይ ዘዴ ለዚህ የተሠራ ነው፣ ስታታም አርም (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮቹ) ላይ አለ።

እና ኦድስ ሬሾን እንደ «እጥፍ» አታንብበው። ከ200 ሰው 60፣ ከሌላው 200 ሰው 30 ቢሞት አደጋው 2 እጥፍ ነው፤ ኦድስ ሬሾው 2.43። ክስተቱ ከመቶ 10 ሲያልፍ ልዩነቱ ይሰፋል። ሟቾችን በሕይወት ከወጡት ጋር በሚያነጻጽረው ንድፍ ኦድስ ሬሾ ግድ ነው፤ ያኔም አጻጻፉን መጠንቀቅ ነው።

ክላምፕ፦
ሦስተኛው ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ እኮ። የትኛው ዋርድ ይሻላል?

ሦስተኛ_ፎቅ፦
አራምባና ቆቦ። ውስጥ ደዌ ራሱን ስቶ የመጣ ሰው ይተኛል፣ ቀዶ ሕክምና ለሄርኒያ ቀጠሮ የያዘ ሰው ይተኛል። የጠና ሰው ወደ አይ.ሲ.ዩ. ሲተላለፍ ሞቱ በአይ.ሲ.ዩ. ይመዘገብና ላኪው ዋርድ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ቢያንስ ሞትን መጀመሪያ ላስተኛው ክፍል መዝግብ፤ ዝውውሩን ከነሰዓቱ በሌላ ሳጥን።

ዋርዱን ከራሱ ጋር ማወዳደር ግን ይቻላል። ለውስጥ ደዌ በመግቢያ ቫይታል ሳይንና በኤች.አይ.ቪ. ሁኔታ ብቻ የሚሠራ ዩኒቨርሳል ቫይታል አሰስመንት የሚባል ነጥብ አለ፤ ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች በተገኘ መረጃ ተሠርቶ በ2017 በፈረንጁ የወጣ። ሙቀት፣ ልብ ምት፣ ትንፋሽ፣ የደም ግፊት፣ ኦክስጅን፣ ንቃተ ሕሊና እና ኤች.አይ.ቪ.፤ ከ0 እስከ 13። ላቦራቶሪ አይፈልግም፣ ለእኛ ካርድ የሚሆነውም ለዚያ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ኦክስጅን ከ92 በታች ከሆነ ነጥብ ይሰጣል። አዲስ አበባን በመሰለ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ባለ ከተማ ጤነኛውም ሰው ዝቅ ይላል፤ ያለ ምርመራ እንዳለ አትውሰደው። ልኬቱ ኦክስጅን ተሰክቶ ወይም ሳይሰካ መሆኑንም መዝግብ።

የኮሚቴው_ጥግ፦
የሥነ ምግባር ኮሚቴው የሚመልሰውን አስቀድሞ ልናገር። ካርድ ብቻ ለሚታይበት ጥናት የታማሚ ፈቃድ እንዲቀር መጠየቅ ይቻላል፤ ግን በራሱ አይመጣም፣ ምክንያቱ ተጽፎ መጠየቅ አለበት። «ለ30 ቀኑ ውጤት ስልክ እንደውላለን» የምትል አንድ ዓረፍተ ነገር ከተጨመረች ግን ጥናቱ ሌላ ሆነ። የቃል ፈቃድ መጠየቂያ፣ ስልኩን ሌላ ሰው ቢያነሳ ምን እንደሚባል፣ ታማሚው ሞቶ ከሆነ ደዋዩ እንዴት እንደሚዘጋ፣ ሁሉም በጽሑፍ ይምጣ። ደዋዩ ኤች.አይ.ቪ. ወይም ውርጃ የሚል ቃል ከአፉ አያውጣ።

የካርድ ቁጥርና የጥናት ቁጥር የሚያገናኘው ዝርዝር በሌላ ፋይል፣ በሌላ ሰው እጅ። ቀበሌ፣ ያልተለመደ በሽታና የሞት ቀን አንድ ላይ ከሆኑ ስም ባይኖርም ሰውየው ይታወቃል፤ ቀበሌውን ወደ ወረዳ አስፉት።

ቀጠሮ_ማክሰኞ፦
እንግዲህ የተሻሻለው እንዲህ ነው። የ3,600ው ሰው መውጫ ሁኔታ ከዋርድ መዝገብ ይቆጠራል። ሕፃናት ያለ ጨቅላዎች። ለሦስቱ ዋርዶች ሟቾች በሙሉ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ንጽጽር ከዚያው ዋርድ፤ ለማህፀንና ጽንስ ኒር ሚስ ለብቻው። «በራሱ ፈቃድ የወጣ» በሁለቱም መንገድ ይሰላል። ዋርድ ከዋርድ አይወዳደርም። የቀረኝ የቅጹ ሙከራ ነው።

ካይ_ስኩዌር፦
30 ካርድ ይበቃል፤ ከጥናቱ ጊዜ ውጪ ካለ ወር። ሁለቱ መረጃ ሰብሳቢዎች ሳይነጋገሩ አንዱን ካርድ ለየብቻ ያውጡና ካፓ (የሁለቱን ስምምነት የሚለካ ቁጥር) አስላ። ዕድሜና ጾታ ላይ ይስማማሉ፤ «የሞት ምክንያት» ላይና «ተጓዳኝ በሽታ» ላይ ነው የሚለያዩት። ካፓው ከ0.6 በታች የሆነ ጥያቄ ወይ ይብራራ ወይ ይውጣ። በዋናው ሥራ ከየ10 ካርድ አንዱ ድጋሚ ይውጣ። «አልተጻፈም» እና «የለም» ሁለት የተለያየ ኮድ ይኑራቸው፤ ካርዱ ላይ ስኳር አልተጠቀሰም ማለት ስኳር የለበትም ማለት አይደለም።

እና አንድ ሰው በዓመት አራት ጊዜ በልብ ድካም ቢተኛ የመጀመሪያውን መኝታ ብቻ ውሰድ፤ አራት ሰው አይደለም።

የመደርደሪያ_ቁጥር፦
729 ካርድ በቀን 40 ቢወጣ 19 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በላይ ካርድ ክፍሉ አይችልም። የ40ውን ቁጥር ዝርዝር ማታ ትተው ይሂዱ፣ በመደርደሪያው ቅደም ተከተል የተደረደረ። የወጣውን ካርድ በዚያው ዕለት ይመልሱ፤ ባዶ ቦታው ላይ የእርስዎ ስልክ ያለበት ወረቀት ይገባል፤ ታማሚው ለቀጠሮ ቢመጣ ካርዱ የት እንዳለ እንዲታወቅ። ጠዋት ከ5 ሰዓት በፊት አይምጡ፤ ተመላላሹ ሁሉ መስኮቱ ላይ ነው።